ሊጉ ከሜዳው ሲወጣ፦ የፕሪምየር ሊጉ ክርክር ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሲታይ

በ2013 የውድድር ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ መሪውን፣ ሜዳውንና ተመልካቹን በአንድ ጊዜ ቀየረ። የውድድሩ አመራር ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ወጥቶ ክለቦቹ ራሳቸው ወዳቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ዞረ። ጨዋታው ከየክለቡ ሜዳ ወጥቶ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። ስርጭቱ ደግሞ በዲ ኤስ ቲቪ በኩል ከፍሎ ለሚያይ ሰው ቀረበ። በዚያው ዓመት ሦስት የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ከውድድሩ ቀሩ፤ ጎንደር ደግሞ ዋንጫ አነሣች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ በየውድድር ዓመቱ መግቢያ ይነሣል፦ ሊጉ ወደ ሜዳው ይመለስ ወይስ ባለበት ይቀጥል? ጥያቄው አንድ ቢመስልም ስለ ጸጥታ፣ ስለ ሜዳ ጥራት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ፍትሐዊነት የሚነሡ አራት የተለያዩ ክርክሮች ተጠላልፈውበታል። የአንዱ ማስረጃ ለሌላው መልስ ሆኖ ስለሚቀርብ ክርክሩ ሳይቋጭ ዓመት ይተካል።

ይህ ዳሰሳ ነገሩን የሚያየው ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሆኖ ነው። አካባቢው በፕሪምየር ሊጉ የራሱ ክለብ የለውም፤ የበጀት ወገንተኝነትም አይጠረጠርበትም። ያለው ተመልካች ብቻ ነው። በክርክሩ ውስጥ ድምፁ ብዙም የማይሰማው ወገን ተመልካቹ ስለሆነ፣ ከደጋው ማየቱ አዲስ አበባ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የማይታየውን ያሳያል።

የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤትና የከተማ ክለብ

የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች የአዲስ አበባ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ጦር ቡድን ጋር ይጋጠም ነበር። ቆይቶ ሻምፒዮናው ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲሰፋ የአሥመራዎቹ ሐማሴንና ቴሌ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ዋንጫውን ከዋና ከተማዋ ነጥቀዋል። በዚያ ዘመን ጎንደር ተሳታፊ እንጂ ተፎካካሪ አልነበረችም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ የምናውቀው ፕሪምየር ሊግ በ1990 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ነው። እዚህ ላይ ለኋላው ክርክር መሠረት የሚሆን አንድ ልዩነት አለ። መብራት ኃይል፣ መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን የመሥሪያ ቤት ክለቦች ናቸው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ተቋሙ ነው፤ ደጋፊ በዛም አነሰም ደመወዝ አይቀርም። ሐዋሳ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከነማ፣ ፋሲል ከነማ ግን የከተማ ክለቦች ናቸው፤ በጀታቸው ከከተማ አስተዳደር፣ ከስፖንሰርና ከደጋፊ ኪስ ይወጣል፤ ከከተማው ሕዝብ ስሜት ተለይተው መቆምም አይችሉም። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ናቸው፦ አዲስ አበባ ተቀምጠው በየክፍለ ሀገሩ ደጋፊ ያላቸው።

በ1996 ሐዋሳ ከተማ ዋንጫውን ሲወስድ የከተማ ክለብም ሊያሸንፍ እንደሚችል ታየ፤ በ1999ም ደገመው። ሰሜኑ ለመድረስ ጊዜ ወሰደበት። ጎንደር በዳሽን ቢራ በኩል ሊጉን ቀመሰች፤ ክለቡ ግን ከሊጉ ከወረደ በኋላ ፈረሰ። ወልዲያ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ፋሲል ከነማ በ2009፣ ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ሊጉን ተቀላቀሉ። ያን ጊዜ የደቡብ ጎንደር ተመልካች በአንድ ሊግ ውስጥ ሁለት ቅርብ ክለብ አገኘ።

ሜዳው ሲፈራ

ሊጉን ከሜዳው ያስወጣው ኮቪድ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በሽታው ከመምጣቱ በፊት ሜዳው ተፈርቶ ነበር።

በኅዳር 2010 ወልዲያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊጫወት በነበረበት ዕለት ወልዲያ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ስታዲየሙ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም ተሠርቶ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት መገባደጃ ላይ በዳኞች ላይ በደረሰ ድብደባ ሊጉ ለጊዜው ተቋረጠ። የአማራና የትግራይ ክለቦች የሚገናኙባቸው ጨዋታዎች ከዚያ በኋላ እንደ ተራ ጨዋታ መታየታቸው ቀረ፤ አንዳንዶቹ ወደ ገለልተኛ ሜዳ ተወሰዱ። የገለልተኛ ሜዳ ሐሳብ በ2013 አልተፈለሰፈም ማለት ነው፤ ለጥቂት ጨዋታ የተሰጠው መድኃኒት በ2013 ለሁሉም ታዘዘ።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው ግጭቱን የሊጉ ችግር አድርጎ ያየዋል፦ ክለቦች በከተማና በክልል አስተዳደር እጅ ስለሆኑ ማሊያው የብሔር ምልክት ሆኗል፣ ስለዚህ የባለቤትነቱ አወቃቀር እስካልተቀየረ ሜዳው አይረጋጋም ይላል። ሁለተኛው ግጭቱ የሀገሪቱ ነው ይላል፤ ስታዲየሙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ በመሆኑ ብቻ እዚያ ገነፈለ። የ2010 እና የ2011 ዋንጫዎች ሁለቱንም ያስተናግዳሉ። ያንን ሁሉ ውጥረት ተሻግረው ጅማ አባ ጅፋርና መቀሌ 70 እንደርታ፣ ሁለት የከተማ ክለቦች፣ በተከታታይ አሸነፉ። ሁለቱንም ያሠለጠነው ገብረመድኅን ኃይሌ ነው። የ2011 ፉክክር ላይ ፋሲልም እስከ መጨረሻው ነበረበት። ውጥረቱና ጥራቱ በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ያደጉበት ጊዜ ነበር።

የ2012 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

2013፦ አሥራ ሦስት ክለብና አንድ ካሜራ

አዲሱ ሊግ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ተጀመረ። መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ስለሌሉ የቀሩት 13 ክለቦች ናቸው። ጉዞው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበር። ክለቦቹ በየከተማው ሆቴል ይዘው ለሳምንታት ይሰነብታሉ፤ በአንድ ሜዳ ላይ በቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ይደረጋል፤ የቀረጻ ቡድኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ሁሉንም ያስተላልፋል። ወንበሩ በበሽታው ገደብ ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ነበር።

በእግር ኳስነቱ ዓመቱ ድንቅ ነበር። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። የስዩም ከበደ ፋሲል ከነማ ደግሞ ዋንጫውን ወሰደ። አጼዎቹ ይህን ያደረጉት በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወቱ ነው። የጎንደር ደጋፊ የዕድሜ ልክ ምኞቱ ሲሳካ በቴሌቪዥን አየው።

ይህ ዋንጫ ለሁለቱም ጎራ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ‹‹ሜዳ የሌለው ክለብ ዋንጫ ካነሣ ሜዳ ምን ይሠራለታል?›› ይላል አንዱ። ሌላው ‹‹ያ ቡድን የተሠራው ከ2009 እስከ 2012 ጎንደር ላይ በሞላ ስታዲየም ነው፤ በ2013 የበላው የቀደመውን ስንቅ ነው›› ይላል። ለእኔ ሁለተኛው ያመዝናል፤ ቡድን በአንድ ዓመት አይሠራም። ግን ለማረጋገጥ ከባድ ነው።

የገንዘብና የመድረክ ለውጥ፦ የሌላ ሀገር ልምድ

የቴሌቪዥን ገንዘብ አንድን ሊግ ሲገለብጥ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የማዕድንና የፋብሪካ ከተሞች ስፖርት የሆነው ራግቢ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1895 የተወለደው፣ ሥራ ትቶ ለሚጫወት ሠራተኛ የቀረበት ደመወዝ ይከፈለው በሚል ጠብ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የሩፐርት መርዶክ ድርጅት 87 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ መጣ። የክረምቱ ስፖርት በ1996 የበጋ ስፖርት ሆነ፤ ጎረቤት ክለቦች ተዋሕደው አንድ ይሁኑ የሚል ዕቅድም ቀረበ። ካስልፎርድ፣ ዌክፊልድና ፌዘርስቶን ላይ ደጋፊው ተነሥቶ ውሕደቱን አስቀረው። አውስትራሊያ ላይ ነገሩ ከፋ፦ በ1997 ሁለት ሊግ ጎን ለጎን ተካሄደ፤ በ1998 ሲታረቁ የክለብ ቁጥር መቀነስ ነበረበትና ከ1908 ጀምሮ የነበረው ሳውዝ ሲድኒ ከ1999 በኋላ ተባረረ። በሰልፍና በፍርድ ቤት ክርክር በ2002 ተመለሰ።

ከእኛ ጋር የሚለየው ነጥብ ይኸውና። እዚያ ገንዘቡ የውድድሩን ወቅት፣ የክለቡን ስምና ቁጥር ነካ፤ ዌክፊልድ ግን ዌክፊልድ ላይ መጫወቱን አላቆመም። ደጋፊው መቃወም የቻለው በየሳምንቱ የሚሰበሰብበት ሜዳ ስለነበረው ነው። እኛ ዘንድ ወቅቱ አልተነካም፤ ብዙውን ጊዜ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ተጀምሮ ክረምት ሲገባ ያልቃል። የተነካው ቦታው ነው። ቦታው ሲነካ ደግሞ ተቃውሞው የሚሰማበት መድረክ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ‹‹ደጋፊው ለምዶታል›› የሚለውን ክርክር በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

ማስረጃው ምን ያህል ይሄዳል?

ሊጉ ባለበት ይቆይ የሚሉ ወገኖች ጠንካራው መከራከሪያ ሜዳው ነው። መስከረም 2014 ላይ ፋሲል ከሱዳኑ አል ሒላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ከአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ወጣ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ብሔራዊ ቡድኑ በዚያው ስታዲየም በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ባሕር ዳርን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይመጥንም አለ። ኢትዮጵያ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ፣ ግብፅን ደግሞ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ አስተናገደች፤ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችውም በሰው ሀገር ነው። ከሀገሪቱ ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ የካፍን መለኪያ ካላለፈ የየከተማው ሜዳ ለቴሌቪዥን ይመጥናል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የካፍ መስፈርት ከሣሩ በተጨማሪ መልበሻ ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ የሕክምናና የጋዜጠኛ ክፍሉን ይመለከታል። ለሀገር ውስጥ ሊግ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለቱን መለኪያዎች እየቀላቀሉ መከራከር ክርክሩን አበላሽቶታል። በቀን ደጋግሞ የሚረገጥ ሣር ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ ከሚረገጠው የተሻለ ይሆናል ብሎ ማሰብም አያስኬድም።

የፍትሐዊነቱ ክርክር የረቀቀ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 ባዶ ስታዲየም ላይ ሲጫወት በተለይ በጀርመኑ ቡንደስሊጋ የባለሜዳ ድል ቀነሰ፤ ዳኞች ለእንግዳ ቡድን የሚያበዙት ቢጫ ካርድም ተመጣጠነ። የባለሜዳ ጥቅም በከፊል የጩኸት ውጤት መሆኑ ታየ። በዚህ ስሌት ገለልተኛ ሜዳ ፍትሐዊ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሜዳው ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ሲካሄድ ሐዋሳ ከተማ ቤቱ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ድሬዳዋ ከተማ፤ አዳማ ላይ አዳማ ከተማ። የአየሩም ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት። በደጋ የሠለጠነ ቡድን ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ሳምንታት ሲከርም ያጣውን የሚመልስበት የራሱ ሳምንት የለውም። አስተናጋጅ ከተማ የሚመረጥበት ውሳኔ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ነጥብ የሚያከፋፍል ውሳኔ ሆኗል።

የዋንጫው ዝርዝር ትኩረት የሚስብ ነገር ያሳያል። ጅማ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፦ ከስረዛው ዓመት በቀር በተከታታይ ሦስት ዋንጫ ከአዲስ አበባ ውጪ ወጣ። ከዚያ በ2014ና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ከታች ባደገበት ዓመት ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን። ሁሉም የአዲስ አበባ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ በር ላይ ትኬት ባይሸጡም የማይራቡ የመሥሪያ ቤት ክለቦች። መድንን ያሠለጠነው ያው ገብረመድኅን ኃይሌ ስለሆነ ነገሩ የአሠልጣኝ ጉዳይ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ በ2010ና በ2011 የከተማ ክለብ ይዞ ያሸነፈ ሰው በ2017 ያሸነፈው በኢንሹራንስ ድርጅት ክለብ መሆኑ ግን ገንዘቡ የት እንደሄደ ይጠቁማል። አራት ዓመት ለፍርድ አይበቃም። ቅዱስ ጊዮርጊስም በማንኛውም ሥርዓት ሲያሸንፍ የኖረ ክለብ ነው። ቢሆንም አቅጣጫው የከተማ ክለቦችን ሊያሳስብ ይገባል።

የደመወዙን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። በ2011 ማብቂያ ላይ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ስምምነት ተደረሰ፤ ስምምነቱ በወረቀት ላይ ቀረ። በሜዳ ገቢ ያልታሰረ ክለብ ደመወዝ ሲያንር ሌላውም ይከተላል፤ የከተማ አስተዳደሩ ከመንገድና ከውኃ በጀት ላይ እየቆረጠ ይሞላል።

ከደጋው ሲታይ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በፎገራ በኩል ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ወረታ ላይ ይወስናል፤ ቀኝ ከታጠፈ ጎንደር፣ ግራ ከታጠፈ ባሕር ዳር ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋፊ የተከፈለውም በዚሁ መገንጠያ ነው። ታሪኩና የድሮው ክፍለ ሀገር ወደ አጼዎቹ ይስበዋል፤ የቅርብ ከተማው፣ የክልል ቢሮውና ገበያው ወደ ጣና ሞገዶቹ፣ ወደ ባሕር ዳር ከነማ። አዲስ ዘመን ለሁለቱም መንገድ ዳር ናት። እስቴና ጋይንት ላይ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ጊዮርጊስን የሚል ሞልቷል። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና ወደ ወልዲያ የሚያልፈውም መንገድ ይኸው ስለሆነ፣ ወልዲያ በሊጉ በነበረበት ዘመን የሰሜኑ ክለቦች መተላለፊያ ደጋው ነበር።

ለዚህ ተመልካች ለውጡ በደረጃ የመጣ ነው፤ ብዙዎቹ የክርክሩ ተሳታፊዎች ግን አንድ ለውጥ አድርገው ያዩታል። እስከ 2012 ድረስ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሚኒባስ ይዞ ሄዶ ማታውን መመለስ ይቻል ነበር። ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ባሕር ዳር ከአስተናጋጅ ከተሞቹ አንዷ ስለነበረች፣ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ሊጉ በሙሉ ከደጁ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰፍር ነበር። ጊዮርጊስም፣ ቡናም፣ ሐዋሳም በአንድ ጉዞ ይታያሉ። በዚህ መልኩ የተመረጡ ከተሞች ሥርዓት ለራቀ ተመልካች የሚጠቅምበት ጎን አለው፤ ተቃዋሚዎቹ ይህን አያነሡትም። በመካከሉ ግን ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 2013 ውጊያው ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሊጉ ከአዳማ፣ ከድሬዳዋና ከሐዋሳ ወደ ሰሜን መዝለቁ ቀረ።

የቀረው ማሳያ ቤቱ ነው። ተከፍሎ ኳስ የሚታይበት ያ ክፍል፣ በቆርቆሮ ግድግዳው ላይ የቀኑ ጨዋታዎች በጠመኔ የሚጻፉበት፣ ለእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የተሠራ ነው። አርሰናልና የአገር ውስጡ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ከገጠሙ ባለቤቱ የቱን እንደሚከፍት ግልጽ ነው። የአክሲዮን ማኅበሩ ደጋፊዎች ‹‹ድሮ ስታዲየም የገባ ብቻ ያይ ነበር፣ አሁን ሀገር ያያል›› ይላሉ። አባባሉ ዲሹና የወር ክፍያው ላለው እውነት ነው። በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ማሳያ ቤቱም ሲጨልም፣ ‹‹ሀገር ያያል›› የሚለው ከደጋው አይደርስም።

ያልተፈቱት

ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ሁለተኛ ወጥቶ በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ሲጥል የ‹‹ሜዳው›› ጨዋታ የተካሄደው አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። በ2017 የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን ወደ ውድድሩ እንጂ ወደ መቀሌና ወደ ዓዲግራት ሜዳ አይደለም። የ2010 ጥያቄ፣ ማለትም ጎንደርና መቀሌ በየቤታቸው ይገናኙ ወይ የሚለው፣ መልስ ሳያገኝ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ገለልተኛ ሜዳ ጠብን ያስቀራል ወይስ ያቆያል በሚለው ላይ ያለን ማስረጃ ጠቡ በማይታይበት ቦታ አለመታየቱ ብቻ ነው።

መካከለኛ መንገድ ይሻላል የሚሉም አሉ፦ የመጀመሪያው ዙር በተመረጡ ከተሞች፣ ሁለተኛው ዙር በየሜዳው፤ ወይም ሜዳው ብቁ ሆኖ ጸጥታው የተረጋገጠለት ክለብ ብቻ ወደ ቤቱ ይመለስ። ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ መስሎ የሚታየው ይህ ነው፤ እኔን የሚያሠጋኝም ይኸው ነው። ማን ብቁ ይሆናል? ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ። ማን ይቀራል? ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ዓዲግራትና ሽረ። አሁን ስደቱ በመጠኑም ቢሆን የሁሉም ስለሆነ የቁጭቱ ዕጣ ተቀራራቢ ነው። በመካከለኛው መንገድ ግን አንዱ ክለብ የጨዋታዎቹን ግማሽ በገዛ ደጋፊው ፊት ሲያደርግ፣ ሌላው ሁሉንም በሰው ከተማ ሆቴል ሆኖ ይጫወታል፤ በጀቱን የሚከፍለው ከተማ ደግሞ የራሱን ክለብ አያይም። ስምምነቱ ሲጻፍ ‹‹ጸጥታው የተረጋገጠ›› የሚለውን ቃል የሚተረጉመው አክሲዮን ማኅበሩ ይሁን፣ ፌዴሬሽኑ ይሁን ወይስ የጸጥታ አካል፣ ክለቦቹ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት መለየት ይኖርበታል።